ስድስት ዓይነት ማስተርስና የእህቴ ሰርግ

ማስታወቂያውን ያሳየችኝ ጓደኛዬ ናት። ከሆሳዕና ወደ ጃጁራ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ መናኸሪያ ውስጥ ተቀምጠን እየጠበቅን ነበር። እኔ ጃጁራ ጤና ጣቢያ በጤና መኮንንነት ስሠራ ስምንተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ እሷ እዚያው አዋላጅ ነርስ ናት። ሁለታችንም ቤታችን ሆሳዕና ስለሆነ ጠዋት አብረን እንሄዳለን፣ ወደ ማታ አብረን እንመለሳለን። ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አመጣችና፣

"ይኸውልሽ፤ ሰበብሽ አለቀ" አለችኝ።

ለዓመታት "ቅዳሜና እሁድ የሚያስተምር ቢገኝ እኔም ማስተርሴን እይዝ ነበር" ስል ኖሬያለሁ። አሁን የዩኒቨርሲቲው የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት በእረፍት ቀናት ሁለተኛ ዲግሪ እንደሚያስተምር በቴሌግራም ለቋል። ደስ ብሎኝ ማንበብ ጀመርኩ፤ መሃል ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። የተዘረዘረው የትምህርት ዓይነት አንድ አይደለም፣ ስድስት ነው፦ ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ባዮስታቲስቲክስ፣ ሥነ ተዋልዶ ጤና፣ ሥነ ምግብ፣ የጤና አገልግሎት አስተዳደር፣ የጤና ትምህርትና ማበልጸግ። አመልካች ሦስት ምርጫ በቅደም ተከተል ይሙላ ይላል።

እስከዚያ ቀን ድረስ ማስተርስ አንድ ነገር ይመስለኝ ነበር። ሰው "እሱ እኮ ማስተርስ አለው" ሲባል እንጂ "የምን?" ተብሎ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም።

"አንቺ ምን ልትሞዪ ነው?" አልኳት።

"ሥነ ተዋልዶ።"

"ሁለተኛና ሦስተኛስ?"

"ሥነ ተዋልዶ፣ ሥነ ተዋልዶ።"

"ቅጹ አይቀበልሽም።"

"ቅጹ አዋልዶ አያውቅም፤ ምን ይገባዋል" አለችና ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወደ መስኮቱ ዞረች። የእሷ ጉዳይ ሚኒባሱ ሳይሞላ አለቀ። የእኔ ሦስት ሳምንት ፈጀ።

ባለቤቴ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው። የዚያን ዕለት ማታ ነገሩን ስነግረው ከተረፈ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ሠንጠረዥ አሰመረ። በቁመት ስድስቱን የትምህርት ዓይነቶች፣ በአግድም "የሥራ ዕድል"፣ "ክብደት"፣ "ፍላጎት" እያለ ጻፈ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጥቶ ደመረ። ባዮስታቲስቲክስ በሰፊ ልዩነት አሸነፈ።

"'ፍላጎት' የሚለው ሥር የሞላኸው የማንን ፍላጎት ነው?" አልኩት።

ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። "እሱን ለጊዜው ነው የሞላሁት" አለ።

የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ደግሞ ገና ሳላማክረው ሰምቶ ጠራኝ። ደግ ሰው ነው፤ ሲመክር ብዕሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። "ተይ፣ ምን ያደርግልሻል ሌላው" አለኝ። "ሁሉም የፈለገውን ተምሮ ሲመጣ መጨረሻው ቢሮ ነው። አንቺ ከመጀመሪያው አስተዳደር ብትማሪ መንገዱን አሳጠርሽው ማለት ነው።"

አባቴ የሚኖረው ከምባታ ውስጥ፣ አዲሎ ነው። ጡረታ የወጣ የአንደኛ ደረጃ መምህርና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ስልክ ደውዬ ስድስቱን አንድ በአንድ ሳነብለት ሥነ ምግብ ላይ ስደርስ "እሱን" አለ።

"ለምን እሱን መረጥክ አባዬ?"

"ቆጮን ነፃ የሚያወጣ ሰው ያስፈልጋል።"

ነገሩ ወዲህ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ሬዲዮ ላይ አንድ ባለሙያ ቆጮ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ብቻውን ሲበላ ሌላ የሚጠቅም ነገሩ ትንሽ ነው ሲል ሰምቶ ተቀይሟል። ሰውየው እንሰት የሚተክለውን ሕዝብ በሙሉ የሰደበ ነው የመሰለው። "እኔ ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምን በልቼ ነው የቆምኩት?" እያለ ላገኘው ሰው ሁሉ ይናገር ነበር። ባለሙያው እውነቱን እንደሆነ፣ አይብና ጎመን ሲጨመርበት እንደሚሻል ላስረዳው ሞከርኩ። "እኛ መቼ ያለ አይብና ጎመን በላን" አለና ስልኩን ዘጋው።

እኔ በልቤ የመረጥኩት ሌላ ነበር። በኮሮና ጊዜ ከክልል በመኪና ይመጡ የነበሩ ባለሙያዎች ትዝ ይሉኛል። ሰደርያ ለብሰው፣ ላፕቶፕ ይዘው፣ በሽታው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሄደ ካርታ ላይ ሲያሳዩ ሰው ሁሉ፣ የወረዳው አስተዳዳሪም ጭምር፣ ዝም ብሎ ይሰማቸው ነበር። ኤፒዲሚዮሎጂ የተማሩ ናቸው ተባለ። በሽታ ማንን፣ የት፣ መቼና ለምን እንደሚይዝ የሚያጠና ትምህርት ነው። እውነቱን ለመናገር ከትምህርቱ ይልቅ የሳበኝ ያ ዝምታ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ስናገር ማንም እንደዚያ ዝም ብሎ ሰምቶኝ አያውቅም።

ስለዚህ አንደኛ ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ሁለተኛ ለአባቴ ብዬ ሥነ ምግብ፣ ሦስተኛ ለኃላፊያችን ብዬ አስተዳደር ሞላሁ። ባለቤቴ ቅጹን አይቶ "እኔስ?" አለኝ። ሠንጠረዡን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

የመግቢያ ፈተናውን ከጓደኛዬ ጋር አብረን ወሰድን፣ አብረን አለፍን። የቀረው ቃለ መጠይቅ ነበር። የተቀጠረልን ታናሽ እህቴ በምታገባበት ሳምንት ሆነ። ሰርጉ እሁድ፣ ቃለ መጠይቁ ከዚያ ቀጥሎ ባለው ዓርብ።

እናታችን ካረፈች ወዲህ የቤቱ ትልቅ ሴት እኔ ስለሆንኩ ድግሱ በእኔ ላይ ወደቀ። ሙሽራው የሀዲያዋ ሾኔ ልጅ ነው። ከጠዋቱ የቤተ ክርስቲያን ፕሮግራም በኋላ ምሳው አዲሎ በአባቴ ቤት፣ እራቱ ሾኔ በሙሽራው ቤተሰብ ዘንድ እንዲሆን ተስማማን። የእኛ ሰዎች የሚያሰክር ነገር ስለማይጠጡ መጠጡ ብርዝ ነበር። ማር በውሃ ተበጥብጦ፣ ሳይፈላ ገና ጣፋጭ ሳለ የሚጠጣው። እኔም በሴቶቹ ሁሉ ፊት ቆሜ፣ "ይህ የጤና ባለሙያ ቤት ነው፤ ያልፈላ ውሃ ብርዝ ውስጥ አይገባም" ብዬ አወጅኩ። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲፈላና ሲቀዘቅዝ ዋለ። በሁለት ትላልቅ በርሜሎች ብርዝ ተበጠበጠ።

ሰርጉ ደስ የሚል ነበር። እህቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ አባቴ ሳቁንም ዕንባውንም መያዝ አቅቶት መነጽሩን ደጋግሞ ይወለውል ነበር። ችግሩ ከሾኔ የመጣው አጃቢ ነው። በሁለት አውቶቡስ ይመጣሉ ያልናቸው በአራት መጡ። ምሳው በሁለት ዙር እንዲሆን ተደረገ። ሥጋው በቂ ነበር፤ የመጀመሪያው በርሜል ግን በመጀመሪያው ዙር ተሟጠጠ፤ ሁለተኛው ለቀረው ሰው እንደማይበቃ ታየ። አንዷ የአክስቴ ልጅ ሮጣ መጥታ "ብርዙ ምን ይሁን?" አለችኝ። እኔ በአንድ እጄ የሥጋ ትሪ፣ በሌላው የሙሽራውን እናት ይዤ ነበር።

"ማር አለ አይደል? ጨምሩበት" አልኩ።

"ውሃውስ?"

"ከሮቶው።"

ሮቶው የግቢያችን የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ሰንብቶ ስለነበር በጋሪ በመጣ ውሃ ነበር የሞላነው። ይህን አውቃለሁ። ያን ቅጽበት ግን የማውቀው ነገር ሁሉ ከራሴ ጠፍቶ የታየኝ ባዶ ብርጭቆ የያዘው እንግዳ ብቻ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ እህቴ ከሾኔ ደወለች። ድምፅዋ ተለውጧል። "እዚህ ብዙ ሰው አሞታል። ተቅማጥና ትውከት። የእሱ አጎትም ጤና ጣቢያ ገብተዋል" አለችኝ። የማንንም ሕይወት የሚያሰጋ አልነበረም፤ ኦአርኤስ ተሰጥቷቸው፣ ጥቂቶቹ ጉሉኮስ ተደርጎላቸው ተሽሏቸዋል። ነገር ግን ወሬው ከበሽታው ፈጠነ። ሾኔ ላይ "አዲሎ የበላነው ቁርጥ ነው" ተባለ። አዲሎም የታመመ ሰው ነበርና የእኛዎቹ "ሾኔ የበላነው እራት ነው" አሉ። አንዲት አክስቴ ደግሞ የሰው ዓይን ነው ብላ ጨረሰች። ረቡዕ የመልስ ቀን ነው፤ የሙሽራው ወገን ሽማግሌዎች አቤቱታ ይዘው እንደሚመጡ ተሰማ።

አባቴም ታሞ ተኝቷል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"የሾኔ እራት ነው" አለኝ።

"አባዬ፣ አንተ ሾኔ ሄደሃል?"

"አልሄድኩም። የሙሽሪት አባት መች አብሮ ይሄዳል።"

"ታዲያ አንተን ምን አመመህ?"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "የእኔ ድካም ነው" አለ።

ጓደኛዬ ለሰርጉ መጥታ ገና አልተመለሰችም ነበር። ማክሰኞ ማለዳ አንድ ደብተር ይዘን ወጣን። በየቤቱ እየገባን ማን ታመመ፣ ማን አልታመመም፣ ምን በላ፣ ምን ጠጣ፣ በስንት ሰዓት ተቀመጠ እያልን ጻፍን። ሾኔ ላሉት እህቴ እየጠየቀች በስልክ ትነግረን ነበር።

መጀመሪያ የወደቀው የቁርጡ ነገር ነው። ባለቤቴ ከሁሉም ሰው የበለጠ ቁርጥ በልቷል፤ ይህን ምስክር ሳያስፈልገው ራሱ ይናገራል። ጣፋጭ ስለማይወድ ብርዝ አልቀመሰም። ሰውየው ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም ጠዋት የተረፈውን ጠይቋል። ቀጥሎ ከአባቴ ቤት ትይዩ ሱቅ ያላቸው ጎረቤታችን ዘንድ ገባን። የጉራጌ ተወላጅ፣ ሙስሊም፣ ከእናቴ ጋር ሠላሳ ዓመት የተጎራበቱ ሴት ናቸው። ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ ታርዶ፣ በተለየ ዕቃ ተሠርቶ፣ በተለየ ጠረጴዛ ቀርቦ ነበር። ሾኔም አልሄዱም። እሳቸውና ምራታቸው ግን ታመዋል።

"እትዬ፣ ከእኛ ጋር አንድ ዓይነት የቀመሱት ነገር አለ?" አልኳቸው።

"ብርዙን ነዋ" አሉ። "አራት ብርጭቆ ጠጣሁ። ጥሩ ነበር።"

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አልፈጀም። በመጀመሪያው ዙር የጠጡት፣ ጓደኛዬን ጨምሮ፣ ደህና ናቸው። በሁለተኛው ዙር የጠጡት ታመዋል። አባቴም እንግዳ ሳይስተናገድ አልቀመጥም ብሎ የበላው ከሁለተኛው ዙር ጋር ነው። ጓደኛዬ ደብተሩን እያገላበጠች፣

"በመሃል የተቀየረ ነገር አለ። ብርዙ ላይ ምን ተጨመረ?" አለች።

"የሮቶ ውሃ" አልኩ።

"ማን ነው ያስጨመረው?"

"እኔ" አልኩ።

ብዕሩን አቀበለችኝና "ጻፊዋ" አለችኝ። ጻፍኩት።

ረቡዕ ሽማግሌዎቹ መጡ። ጤና ጣቢያ ገብተው የነበሩት የሙሽራው አጎት ገርጣ ብለው፣ በከዘራቸው ተደግፈው ከፊት ተቀመጡ። እኛ በከምባትኛ፣ እነሱ በሀዲይኛ እርስ በርሳችን እናንሾካሹካለን፤ የጋራ ንግግሩ በአማርኛ ነው። ጸሎት ከተደረገ በኋላ አጎትየው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ሳይጀምሩ ተነሣሁ።

ንግግሬን ሌሊቱን ሙሉ አዘጋጅቼው ነበር። ስለ ብክለት ምንጭ፣ ስለ ተጋላጭነት፣ ስለ ጀርሞች መራቢያ ሰዓት አስረዳሁ። ደብተሩን ከፍቼ አሳየሁ። "ስህተቱ የእኔ ነው" አልኩ በመጨረሻ። ዝም አሉ። ያ የተመኘሁት ዝምታ ነው ብዬ ለቅጽበት አሰብኩ። አልነበረም። አልገባቸውም።

"ልጄ" አሉ አጎትየው፣ "አባትሽን ለማዳን ብለሽ በራስሽ ላይ መናገርሽን አከብራለሁ። አሁን ስለ ሥጋው እናውራ።"

እንደገና አስረዳሁ። የሀዲያ ተወላጅ የሆነው ባለቤቴ በሀዲይኛ ደገመው። አክስቴ ከጓዳ "ዓይን ነው አላልኩም?" ትላለች። ነገሩ እየከረረ ሄደ። ይህን ጊዜ ጎረቤታችን ከበሩ አጠገብ ከተቀመጡበት ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"እኔ ሥጋችሁን አልነካሁም" አሉ። "እራታችሁንም አላየሁም። የጠጣሁት ይህችን ብርዝ ብቻ ነው። ሁለት ቀን ከሽንት ቤት አልወጣሁም። ሌላ ምን ልንገራችሁ?"

ያሉት ይህን ብቻ ነበር። የሾኔዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንድ ወጣት በሀዲይኛ ለአጎትየው በጆሯቸው ደገመላቸው፤ ግን ቀድሞውንም ገብቷቸዋል። ከዘራቸውን መሬት ላይ ቀስ አድርገው መታ መታ አደረጉ።

"እኛ እኮ ለመጣላት ተዘጋጅተን ነው የመጣነው" አሉ። "የምንናገረውን ሁሉ መንገድ ላይ ተከፋፍለን ጨርሰናል። አሁን ምን እናድርግ?"

መጀመሪያ የሳቀው አባቴ ነው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። አጎትየው እኔን ወደ እሳቸው ጠርተው ግንባሬን ስመው የሚጠጣ ነገር እንዳለ ጠየቁ። ሻይ አለ ሲባሉ "ይምጣ፤ እሱን መፍላቱን እናምናለን" አሉ። ለመልስ የመጣችው እህቴ ከሰርጉ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርጋ የበላችው ያን ከሰዓት ነው።

ዓርብ ለቃለ መጠይቁ ሆሳዕና ቀረብኩ። ሦስት መምህራን ነበሩ። ለምን ኤፒዲሚዮሎጂን እንደመረጥኩ ሲጠይቁኝ የተዘጋጀሁበትን መልስ ትቼ የሰርጉን ነገር ነገርኳቸው፤ ከሮቶው ጋር፣ ከእኔ ስህተት ጋር። አንደኛው መምህር ደብተሩን ይዤው እንደሆነ ጠየቀኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ተቀባብለው አዩት። ላቦራቶሪ አስመርምሬ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ብርዙ ተጠጥቶ አልቋል፣ ሮቶውንም አክስቶቼ አጥበውታል አልኩ። ሳቁ።

መሃል የተቀመጠችው መምህርት በዕድሜ ከእኔ የምታንስ ናት። እስከዚያ ምንም አልጠየቀችም።

"ምክንያቱን ለማግኘት ስንት ጊዜ ፈጀብሽ?" አለችኝ።

"ግማሽ ቀን።"

"ሰዎቹን ለማሳመንስ?"

"እኔ አላሳመንኳቸውም" አልኩ። "ያሳመኗቸው ባለሱቋ ጎረቤታችን ናቸው።"

"ለምን ይመስልሻል?"

እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም ነበር። ስለ ጤና ጣቢያው ጠዋቶች አሰብኩ፤ ተራ የሚጠብቁ ታካሚዎች ፊት ቆመን ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ሽንት ቤት እንናገራለን፤ እነሱ ካርድ ክፍሉ በር ላይ ዓይናቸውን ተክለው ይጠብቃሉ። ስምንት ዓመት።

"እኔ የማውቀውን ነገርኳቸው" አልኩ። "እሳቸው ግን ሰዎቹ የሚጠይቁትን መለሱ።"

መምህርቷ ቅጼን አየች። "የጤና ትምህርትና ማበልጸግን ሦስቱም ቦታ ላይ አልጻፍሽውም" አለች። ክስ አልነበረም፤ እንዲሁ ተናገረች።

"ምን እንደሆነ አላወቅኩም ነበር" አልኩ፤ እውነቴን ነው። በአጭሩ አስረዳችኝ። ለካ ሰው ለምን እንደሚያምን፣ ለምን እንደማያምን፣ ልማዱን ምን እንደሚያስለውጠው ራሱን የቻለ ትምህርት ኖሯል። እኔ እንደዚያ የጠዋት ንግግራችን ያለ፣ ማንም የሚችለው ነገር መስሎኝ ነበር። ምርጫ መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠየቅኩ። በማመልከቻ ይቻላል አሉኝ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ጻፍኩት። ጓደኛዬ ተራዋን እየጠበቀች አጠገቤ ቆማለች።

"እርግጠኛ ነሽ?" አለችኝ።

"ምክንያቱን መፈለጉን በደብተርም ቢሆን ሞክሬዋለሁ" አልኳት። "የማልችለው ይሄኛውን ነው።"

ኃላፊያችን ሲሰማ ብዕሩን ዘጋ። "የጤና ትምህርት? ያ እኮ ጠዋት ጠዋት የምንናገረው ነው" አለ። "አዎ፣ ማንም የማይሰማን እሱ" አልኩት። ከንፈሩን ነከሰና ሳቀ፤ የድጋፍ ደብዳቤውንም ፈረመልኝ። አባቴ የቆጮን ጉዳይ ለሌላ ሰው አሳልፎ ሰጠ።

ሁለታችንንም ተቀበሉን። ቅዳሜና እሁድ ማረፍ የሚባል ነገር ለሁለት ዓመት ከቤታችን ጠፋ። ባለቤቴ ልጆቹን እያጠበ፣ ልብስ እያጠበ፣ አንዳንዴም የተቃጠለ ሽሮ እያበላቸው ቆየ። ዋጋውን ያገኘው በመጀመሪያው ዓመት ነው። ባዮስታቲስቲክስ ለስድስቱም ዘርፎች የግዴታ ትምህርት መሆኑን ስነግረው ፊቱ በራ። እሁድ ከክፍል ስንመለስ እኔንና ጓደኛዬን የምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ያስተምረን ጀመር። ነጭ ሰሌዳ ገዛ። ከክፍሉ ተማሪዎች ይልቅ እኛ ላይ ይቆጣ ነበር። ጓደኛዬ "በዚህ ሁሉ ፎርሙላ ስንት ልጅ ይወለዳል?" እያለች ታስቀዋለች፤ ሆኖም ከእኔ የተሻለ ውጤት አመጣች።

የመመረቂያ ጥናቴን በጃጁራ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች፣ በድግስ ላይ ስለሚቀርብ ውሃና መጠጥ አደረግኩት። መጠይቅ አዘጋጅቼ ቤት ለቤት ሄድኩ። ሀዲይኛ የተማርኩት ከባለቤቴ ቤተሰብ ስለሆነ ሰው ይገባዋል፣ ግን የከምባታ ቅላጼዬ ያስቃል። በሁለተኛው ቀን ድግስ በመሥራት የታወቁ አንዲት ትልቅ ሴት ቤት ገባሁ። ጎመን እየቀነጠሱ የጥያቄዎቼን ሁሉ መልስ ሰጡኝ። ለድግስ ውሃ ያፈላሉ? አዎ። ሁልጊዜ? ሁልጊዜ። ዕቃውን ይከድናሉ? አዎ። ስጨርስ ደብተሬን ዘግቼ ልነሣ ስል "ተቀመጪ" አሉኝ።

"እስካሁን ስንት ሴት ጠየቅሽ?"

ነገርኳቸው።

"ውሃ አላፈላም ያለችሽ አለች?"

"የለችም።"

"እና አመንሻቸው?" አሉና ጎመኑን ወደ ጎን አደረጉት። "እንደሱ ተብሎ አይጠየቅም። 'ታፈያለሽ ወይ' ካልሽኝ አዎ ነው የምልሽ፤ ባለቢሮ ፊት ማን አላፈላም ይላል? 'እንግዳው ሲበዛና እንጨቱ ሲያልቅ ምን ታደርጊያለሽ' በይኝ። ያኔ እነግርሻለሁ።"

"እንጨቱ ሲያልቅ ምን ያደርጋሉ?" አልኳቸው።

ነገሩኝ። አንድ ሰዓት ያህል ነገሩኝ። ጎረቤታቸው ድምፅ ሰምታ መጣች፣ እሷም ነገረችኝ። እኔም የአዲሎውን ሮቶ ነገርኳቸው፤ ሴትየዋ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፣ ጉልበቴንም መታ መታ እያደረጉ "አንቺም? ተምረሽም?" አሉ። የዚያን ሳምንት መጠይቁን ይዤ ያቺ መሃል የነበረችው መምህርት ዘንድ ሄድኩ፤ አማካሪዬ ሆና ነበር። የሆነውን ነገርኳት። አስፈቅዳ ጥያቄዎቹን እንደገና አስጻፈችኝና የተጠየቁትን ቤቶች በሙሉ ከመጀመሪያው አስጀመረችኝ። ያን ቀን ረግሜያታለሁ። የተገኘውን መልስ ሳይ ግን ረሳሁት።

ጓደኛዬና እኔ በአንድ ቀን ተመረቅን። እሷ አሁን የእናቶችን ክፍል በኃላፊነት ትመራለች። እኔ በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ብመደብም ሥራዬ እዚያው ጃጁራ ጤና ጣቢያ ነው። የጠዋቱን የወረፋ ንግግር ከኃላፊያችን ጋር ተስማምተን አሳጠርነው። በምትኩ ድግስ የሚሠሩ ሴቶችን በገበያ ቀን፣ ገበያተኛው ከመበተኑ በፊት፣ በጤና ጣቢያው ግቢ ዛፍ ሥር እንሰበስባለን። የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው። ጎመን ሲቀነጥሱ ያገኘኋቸው ሴት ከፊት ይቆማሉ፤ እኔ አግዳሚው ጫፍ ላይ ሆኜ እጽፋለሁ።

ባለፈው ወር አዲስ የመጡ ሦስት ወጣት ሴቶች ነበሩ። ሴትየዋ እንግዳ ሲበዛ ምን እንደሚደረግ በተግባር እናሳይ ብለው አንዷን ደጋሽ፣ አንዷን ውሃ ቀጂ አደረጉ። ለእኔ ደግሞ ባዶ ብርጭቆ ሰጥተው በትዕግሥት ማጣት የሚጮህ እንግዳ እንድሆን አዘዙኝ። ቆሜ "የሚጠጣ የለም ወይ?" አልኩ፤ ግን ቀስ ብዬ ነው።

"አይሆንም" አሉ ሴትየዋ። "የሾኔ እንግዳ እንደዚህ አይለምንም። ጠንከር አድርጊው።"

ብርጭቆውን ከፍ አድርጌ እንደገና ጀመርኩ።